ሳትጮህ ላመማት ሴት

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ የተከበርሽ ልጇ፤ የተከበሩ ታላቅ እህቷ፤ ከትምህርት ቤቱ የመጣችሁ መምህራን፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ለምትሰሙኝ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ። ድምፄ ዛሬ እንደ ልማዱ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። እባካችሁ ማንም «ተገላገለች» አይበል። ከበሩ እስከዚህ ድረስ ስንመጣ ስንቱ ሰው ጠጋ እያለ «እሷስ ተገላገለች» አለኝ። ይህን ቃል አትወደውም ነበር። «መገላገያው ሞት ከሆነ ሐኪሞቹ ለምን ይማራሉ?» ትል ነበር። ደግሞም የከዳት ልቧ ነው እንጂ የጀርባ ህመሟ አይደለም። ባለፈው ወር የልጇን ቀሚስ ጠርዝ ቆማ ሰፍታለች። እየኖረች ነበር። እየኖረ የነበረ ሰው ተገላገለ አይባልም።

እኔን የማታውቁኝ ትኖራላችሁ። የቲያትር ሰው ነኝ። መድረክ ላይ ስሞት ነው ያረጀሁት። በሰይፍ ሞቻለሁ፤ በመርዝ ሞቻለሁ፤ አንዴ በፍቅር ሞቼ ተመልካቹ «ይበቃሃል፣ ሙት እንግዲህ!» ብሎኛል። ባልደረቦቼ «አባ ጣር» ይሉኛል። ስሙን ያወጣችልኝ እሷ ናት። «ይህ ሰውዬ ሲያጣጥር ነው የሚመሽበት» ብላ። እኔም ብድሬን መልሼ «መርፌ» አልኳት። የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ምላሷ የሚወጋ። አልተቀየመችም። «እውነትህን ነው፤ አያያዜን የማያውቅ ይደማል» አለች። ይኸው ዛሬ ቤተሰቦቿ ሳይቀሩ መርፌ ነው የሚሏት።

ስለ መርፌ ልናገር ነው የቆምኩት። ኩራት ይዤ ቆሜ ቢሆን ደስ ባለኝ። አፍሬ ነው የቆምኩት። ወዳጆቼ፣ አፍሬያለሁ። ልጇ «አንተ ተናገር» ስትለኝ «ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳት። «እማዬ አንተን ነው ያለችው። 'ሳያሳምር ይንገራቸው' ብላለች» አለችኝ። ሳያሳምር! ይህን ለተዋናይ ማለት ዓሣን በደረቅ ዋኝ ማለት ነው። እንግዲህ እሞክራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሰላል ነው። የመድረኩን መጋረጃ ስታስተካክል ወደቀች። ጀርባዋ ተጎዳ። ተኛች፣ ታከመች፣ አጥንቱ ገጠመ። ሁላችንም «እንኳን ማረሽ» ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። አጥንቱ ዳነ፤ ህመሙ ግን እዚያው ቀረ። ወሩ አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ፣ ህመሙ አላለፈም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቆይ፣ ሥር የሰደደ፣ ራሱን ችሎ በሽታ የሆነ ህመም እንዳለ ማን ያውቃል? እኔ አላውቅም ነበር። ሐኪም ጋ ሄዳ ራጅ ትነሳለች፤ «ፎቶው ንጹህ ነው» ይሏታል። ፎቶው ንጹህ ከሆነ ምን ይባላል? «ዕድሜ ነው» ይባላል። «ሐሳብ ነው» ይባላል። «ሥራሽን ሥሪ፣ ትረሽዋለሽ» ይባላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎ የሚመክራትም አይጠፋም። እሷ «አልደበቅሁም፤ አልጮህኩም እንጂ» ትላለች።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ። እኛ እንጨት አልሰደድንም። ረሳነው። የቱ እንደሚከፋ እናንተ ፍረዱ።

ረጅም ሰዓት መቀመጥ ሲያቅታት ስፌቱን ተወች። ያን ጊዜ እኔ ጡረታ ወጥቼ በጤና ትምህርት ቤቱ ሥራ ይዤ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ተማሪዎቹ እውነተኛ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት በእኛ ይለማመዳሉ። «የልምምድ ታማሚ» እንባላለን። ዛሬ ሆዴን ያመኛል፣ ነገ ደረቴን። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ መስታወት። ከመስታወቱ ጀርባ መምህራኑ ተቀምጠው ያዩናል። «ነይ መርፌ፣ ተኝቶ መብላት ነው» አልኳት። መጣች።

እስኪ አብራችሁኝ ወደዚያ ክፍል ግቡ። ጠዋት ነው። የዕለቱ ትምህርት የጀርባ ህመም ነው። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ምንም አያመኝም። ቁርሴን በልቼ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ነው የመጣሁት። አልጋው ላይ ወጣሁና ጀመርኩ። አቃሰትኩ። አንሶላውን ጨበጥኩ። ጥርሴን አፋጨሁ። ላቤ ሳይቀር መጣልኝ። ተማሪዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከመስታወቱ ጀርባ «ይገርማል!» ሲሉ ተሰማኝ። ቀጥሎ መርፌ ገባች። ያን ቀን ጠዋት ጫማዋን ያሰረችላት ልጇ ናት፤ ጎንበስ ማለት አልቻለችም። የእውነት ያማታል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ጀርባዬን ያመኛል።»

«ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

«ስምንት።»

አለቀ። የአውቶቡስ ቁጥር እንደሚናገር ሰው፤ ስምንት።

ታዲያ ምን ተባለች? መምህራኑ መጡና፣ በደግነት ነው፣ ክፋት የለበትም፣ «እናታችን፣ ትንሽ አላሳመኑንም። ስምንት ያህል ያመመው ሰው እንዲህ አይቀመጥም። እስኪ አባባን ይዩዋቸው» አሏት።

አባባን ይዩዋቸው!

ዞር ብላ አየችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ፈገግ አልኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ። እንደሚያማት አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ። ግን ለተዋናይ ሲጨበጨብለት ሌላ ነገር አይሰማውም። ከመስታወቱ ጀርባ ከነበሩት አንዷ፣ ዶክተሯ፣ ይኸው እዚህ መካከላችን ቆመዋል። ይህን ልናገር ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «እኔንም ጨምረው ይናገሩ» ነው ያሉኝ።

ደግሞ የመጠበቂያ አዳራሹ ነገር አለ። ይህን ባነሳች ቁጥር ትስቅ ነበር፤ ስለዚህ ሳቅ ቢመጣባችሁ አትፈሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ጀርባዋ ያዛት። እግሯን ማንሳት አቃታት። ታክሲ ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አግዳሚው ሁሉ ሙሉ ነው። ለተረኛዋ ነርስ «በጣም ያመኛል» አለቻት፤ በዚያ በጨዋ ድምጿ። «ይጠብቁ እናቴ» ተባለች። ጠበቀች። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ እሷ ትጠብቃለች። ከንፈሯ ነጣ። እኔ ደሜ ፈላ። «ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ!» አልኩና ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ጮህኩ። እንደ ድሮው፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ እንዲሰማ አድርጌ። ወዲያው ቃሬዛ መጣ። ጎረምሶቹ አነሱና ማንን ጫኑ? እኔን!

«እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት!» እላለሁ።

«አይዞዎት አባቴ፣ ይቃዣሉ» ይሉኛል።

በሩን ሲያስገቡኝ ቀና ብዬ ሳያት ጎኗን ደግፋ ትስቃለች። መሳቁ ራሱ ያማታል፤ ግን ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ በተኮራረፍን ቁጥር «ቃሬዛ ይጥሩለት» ማለት ነበር መታረቂያዋ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ስትጨርሱ ግን አስቡት። ያላመመው በቃሬዛ ገባ፤ ያመማት አግዳሚው ላይ ቀረች። ነርሷ ክፉ ሰው ነበረች? አልነበረችም። ያመመው ሰው ምን እንደሚመስል የተማረችውን ነው የሠራችው። ታዲያ ማን አስተማራት? ምናልባት እኔ። በዚያ ክፍል፣ በአንዱ ጠዋት፣ አንሶላ ጨብጬ። ዛሬ ነው ቃሬዛው ለመርፌ የደረሳት።

ከአዳራሹ ነገር በኋላ ነው የማፍርበት ያ ከሰዓት የመጣው። በትምህርት ቤቱ ልብስ የምንቀይርባት ጠባብ ክፍል አለች። መርፌ በሩ ላይ ቆመች።

«አባ ጣር፣ አስተምረኝ» አለች።

«ምን ላስተምርሽ?»

«እንዴት እንደሚያም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ነገ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። ስንት ጊዜ የጠበቅሁት ነው። በራሴ መንገድ ካመመኝ አያምኑኝም። በአንተ መንገድ ይመመኝ።»

እኔ ደግሞ፣ ይህን ሳወራ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ፣ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። አስተማሪ ሆንኩ! «እጅሽን ወገብሽ ላይ፤ አይደለም፣ ዝቅ አድርጊው። ሲጠይቁሽ ቶሎ አትመልሺ፤ ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ። ከወንበሩ ስትነሺ ጠረጴዛውን ያዢ።» ለሚያማት ሴት ህመም አስጠናኋት። ደጋገመችው። በመጨረሻም ጠረጴዛውን ይዛ እንዲህ ስትቃትት አጨበጨብኩ። «ጎበዝ! አሁን አመንኩሽ!» አልኳት።

አሁን አመንኩሽ። እሱን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ዛሬ እዚህ ፊታችሁ እውጠው ነበር።

በማግስቱ ሄደች። አቃሰተች። ጠረጴዛውን ያዘች። አመኗት። መድኃኒት ታዘዘላት፤ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ የሚያለማምዳት ባለሙያ ተመደበላት፤ «እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ። ያ ሕክምና ነው በኋላ ቆማ እንድትሰፋ ያደረጋት። ህመሙ ጨርሶ አልሄደም፤ ግን ቦታ ለቀቀላት። እኔ እንኳን ደስ አለሽ ልል ቤቷ ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከመሰላል ስትወድቅ ያላለቀሰች ሴት!

«ምነው? አልረዱሽም እንዴ?»

«ረድተውኛል።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«የራሴን ሰርቄ የወጣሁ መሰለኝ።»

ሰማችሁ? የራሷን። ህመሙ የሷ ነው፤ ሕክምናው ይገባታል፤ ለማግኘት ግን እንደ ሌባ ማስመሰል ነበረባት። እስኪ ንገሩኝ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ማፈር የነበረበት ማን ነበር? እሷ ነበረች? ግን ያፈረችው እሷ ናት። እኔ እንኳ ያን ዕለት አላፈርኩም። ግራ ገብቶኝ «አይ አንቺ ደግሞ!» ብዬ ወጣሁ። ማፈሩ ቀስ ብሎ ነው የደረሰብኝ፤ ከደረሰ ግን አልተለየኝም።

እሷ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ ዶክተሯ ሄደች። «ተማሪዎችዎ የሚያቃስት ሰው ማመን ያውቁበታል። እኔን ማመን ያስተምሩልኝ» አለቻቸው። የደረሰባትንም ሁሉ ነገረቻቸው፤ የእኔን ስልጠና ሳይቀር። ዶክተሯም «ስለ ጉበት ሳምንታት እናስተምራለን። ስለ ህመም አንድ ከሰዓት። እሱንም አባባን እያሳየን» አሉ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ትምህርቱ ተቀየረ። እኔና እሷ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እኔ አቃስታለሁ፤ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ተማሪዎቹ ይጠይቁናል። በመጨረሻ «ከሁለታችን ማንን ያመዋል?» ትላቸዋለች። እጅ ሁሉ ወደ እኔ ይቀሰራል። ከዚያ ትነግራቸዋለች። ያ ዝምታ! እዚህ ከቆማችሁት ስንቶቻችሁ በዚያ ዝምታ ውስጥ ተቀምጣችኋል? አንገታችሁን ስትደፉ አያችኋለሁ። ያኔም እንዲሁ ደፍታችሁ ነበር። መርፌ ግን በዚህ ጊዜ አትወጋም ነበር።

«አይዟችሁ» ትላለች። «ብቻ ከዚህ ገደል ወጥታችሁ እዚያኛው እንዳትገቡ። ነገ የሚጮህ ሰው ሲመጣ 'አስመሳይ ነው' እንዳትሉ። የሚጮኸውንም ያመዋል። ጩኸትም መለኪያ አይደለም፣ ዝምታም አይደለም። 'ህመሙ ምን ከለከለዎት?' ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ መልሱን ጠብቁ።»

«እርስዎንስ ምን ከለከለዎት?» አላት አንዱ።

«ክር በመርፌ አስገባለሁ። መርፌው ከወደቀ ግን እንደ ወደቀ ይቀራል» አለችው። ልጁ ብድግ ብሎ ወለሉን ሲያይ ትዝ ይለኛል፤ የወደቀ ነገር ያለ መስሎት።

ዶክተሯ ስለ ሥር የሰደደ ህመም ጥናት ሲጀምሩ አስቀድመው የጠሩት እሷን ነው። እምቢ አለች። «እኔ እኮ ተቀጥሬ የምታመም ሰው ነኝ። ውሸቷን ነው ይሉና ጥናትዎን አበላሽብዎታለሁ» አለች። እዩት፣ ያ እፍረት እስከዚያ ድረስ አብሯት ሄዷል። ዶክተሯ «እኔ የምፈልገው ያመመውን ሰው ነው፤ እርስዎን ደግሞ አምናለሁ» አሏት። ገባች። ደረጃውን እያረፈች እየወጣች፣ ቀጠሮ ሳትዘነጋ፣ እስከ መጨረሻው ሄደች። ለማን ብላ? «የእኔ ጀርባ የለመደውን ለምዷል። የሚቀጥለው ሰው ግን ትወና ሳይማር ይታከም» ትል ነበር።

የሚቀጥለው ሰው ትወና ሳይማር ይታከም። ከእሷ የቀረልን አደራ ይህ ነው። ጥናቱ አላለቀም። ያመማችሁ፣ «ፎቶው ንጹህ ነው» ተብላችሁ የተመለሳችሁ፣ ከዶክተሯ ጋር ተነጋገሩ። አቅም ያላችሁ ደግፉ። መምህራን፣ ያቺን አንድ ከሰዓት አስፏት፤ ገና ጠባብ ናት። ተማሪዎች፣ እናንተ መልሱን ጠብቁ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ይህ ለመናገር ከሁሉ የሚከብደኝ ነው።

ትናንት፣ ገና ሬሳዋ ከቤት ሳይወጣ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ደወለልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ አስቦ ነው። «አባባ፣ የእሷን ቦታ እርስዎ ቢጫወቱልንስ? ዝም የሚለውን ታማሚ። እርስዎ እኮ ያውቁበታል» አለኝ። መርፌን ልጫወታት! ስልኩ በእጄ ቀረ። መልስ አልሰጠሁትም።

ለምን እንዳልመለስኩ ልንገራችሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዳሌዬን ያመኛል። የእውነት። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ያዘኝና ግድግዳ ተደግፌ አቃሰትኩ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ! «ኧረ አባ ጣር፣ ዛሬስ በልጠሃል!» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ። እሷ ብቻ መጣች። አጠገቤ ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይሄኛው የእውነት ነው?» አለችኝ።

«የእውነት ነው» አልኳት።

«ምን ከለከለህ?»

«ደረጃ።»

ጠይቃ መልሴን ጠበቀች፤ ከዚያ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ራሷን እያመማት የእኔን ቦርሳ ያዘች። በአሳንሰሩ አብራኝ ወረደች። «አሁን አመንኩህ» አላለችም። ማመኗን ለመናገር እንኳ አላስፈለጋትም። እኔ ያስተማርኳትንና እሷ ያስተማረችኝን እስኪ አስተያዩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል ብዬ። አሁን በእናንተ ፊት እናገራለሁ፤ ለደወለልኝም ሰው መልሴ ይህ ነው። መርፌን አልጫወታትም። ወንበሯ ላይ ግን እቀመጣለሁ። አላቃስትም። አንሶላ አልጨብጥም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «ዳሌዬን ያመኛል» እላለሁ። ካላመኑኝ አላመኑኝም፤ እሷም ስንት ጊዜ ችላዋለች።

እንግዲህ መርፌ። መሄጃሽ ደረሰ። ሰው ሲሸኝ አፈሩ ይቅለልሽ ይባላል። በዚያ ጀርባ ለኖርሽው ለአንቺ ይህን ስል ከልቤ ነው፤ አፈሩ ይቅለልሽ። ልጅሽን አደራ ብለሽናል፤ አለንላት። የወደቀውን መርፌ እናነሳልሻለን።

እዩኝ እስኪ ወዳጆቼ። መድረክ ላይ ለስንት ሬሳ ጮኼ አልቅሻለሁ፤ ስንቱን አስለቅሻለሁ። ዛሬ የለቅሶ ድምፅ አልወጣኝም። ቆሜያለሁ፤ እጄም በጎኔ ነው። ከውጭ ለሚያየኝ ምንም የሆንኩ አልመስልም ይሆናል።

አጠገቤ ብትኖሪ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ትጠይቂኝ ነበር። ስለዚህ ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ።

አዎ መርፌ። ይሄኛው የእውነት ነው። ደህና ሁኚ።